«ማን ጎደለ?»

ሰኞ ጠዋት ከከተማው ዳር፣ ከሰባታሚት የተደወለውን ስልክ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደዋይዋ የጋሽ ይበልጣል ጎረቤት ናቸው። ድምፃቸው ሲቆራረጥብኝ ኔትወርክ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ኔትወርክ አልነበረም። «ልጄ፣ በሩን ከፍተን ገባን። ጋሽ ይበልጣልማ ዐርፈዋል» አሉኝ። የተገኙት ወንበራቸው ላይ ነው። አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላኛው ጫማ እጃቸው ላይ ነበር። ወደ እኛ ሊመጡ ሲነሡ ነው ማለት ነው።

ስልኩን ዘግቼ ለምን ወደ ኮምፒውተሬ እንደ ዞርኩ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው ፎልደር ተከፍቶ ነበር። ስሙ «የጎደሉ» ይባላል። የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ጋሽ ይበልጣል ልናገር በተነሣሁ ቁጥር ከዚህ ፎልደር ሌላ መነሻ አላገኝም።

የምንሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። እግራቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለዱ ሕፃናት ይታከሙባታል። ሲስተር ሙሉ የሕፃኑን እግር በእጇ ቀስ እያለች ታቃናና በጀሶ ታስረዋለች። በሳምንቱ ጀሶው ተፈትቶ፣ እግሩ ሌላ ትንሽ ተቃንቶ እንደገና ይታሰራል። ቀጥ ሲል በብረት የተያያዘ ጫማ ይሰጠዋል፤ እሱን እያደረገ ለዓመታት ይተኛበታል። ያቋረጠ ልጅ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል፤ አድጎም በእግሩ ጎን እየረገጠ ይኖራል። ስለዚህ የእኛ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው ልጁ ተመልሶ በመምጣቱ ላይ ነው።

ጋሽ ይበልጣል ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ለረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ያስተማሩት ስለ «ሲስተም» ነው ሲሉን እኛ የኮምፒውተር ጥገና መስሎን መጀመሪያ ያሳየናቸው የተበላሸውን ፕሪንተር ነው። ቅር ሳይላቸው ጎንበስ ብለው የተነከሰውን ወረቀት አላቀቁልን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ከትከሻቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። ሲያስቡ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ መነጽሩ ቢጸዳም ግን መልሰው አያደርጉትም፣ ይረሱታል። ከዚያ ሁላችንም መነጽር ፍለጋ።

የተጠሩት ፋይላችንን እንዲያደራጁልን ነበር። ፋይላችን ያው የሀገሩ ፋይል ነው፤ «ሪፖርት»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «ትክክለኛው ይህ ነው»። የልጁ እግር ፎቶ ሲስተር ሙሉ ስልክ ውስጥ፣ የጀሶው ታሪክ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ፣ የጫማው ልክ ጫማ ሠሪው ኮምፒውተር ውስጥ። የወላጆች ስልክ ቁጥር ደግሞ ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ፣ ከእንኳን አደረሳችሁና ከነፍስ ይማር ጋር ተደባልቆ።

እሳቸው ግን ለሳምንታት ኮምፒውተር አልነኩም። በጠዋት ይመጡና በር ላይ ከጥበቃው ጎን ይቆማሉ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትገባ ከኋላዋ ይከተላሉ። ስትመዘገብ ያያሉ፣ ጀሶ ክፍል አብረው ይገባሉ፣ ስትወጣ ባጃጅ እስክትሳፈር ይሸኟታል። ሲስተር ሙሉ «እኚህ ሰውዬ ፋይል ሊያደራጁ ነው የመጡት ሊሰልሉን?» ብላ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች።

አንድ ቀን ሰበሰቡንና «እስኪ ትናንት የመጣውን ልጅ አሳዩኝ» አሉ። ሁላችንም ወደየኮምፒውተራችን ሮጥን። እኔ ጀሶውን አመጣሁ፣ ሲስተር ሙሉ ፎቶውን፣ ጫማ ሠሪው ልኩን። ተራ በተራ አዩን።

«ጀሶው አንቺ ጋ፣ እግሩ እሷ ጋ፣ ጫማው እሱ ጋ። ልጁን እኮ ገነጣጥላችሁ ተካፈላችሁት» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሁን፤ የመጣውስ በፍለጋም ቢሆን ተገኘ። ያልመጣው ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?»

ሲስተር ሙሉ ቀደመች። «ጋሼ ደግሞ! ያልመጣማ አልመጣም። ምን ፋይል ይኖረዋል?»

«እንግዲያ ሥራችሁ ያለው እዚያ ነው» አሉ። ስብሰባው በዚሁ አበቃ።

እኔ በበኩሌ ነገሩ ከንክኖኝ ዴስክቶፔን ሙልጭ አድርጌ አጽድቼ አሳየኋቸው። «አበጀሽ» አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሶ እንደ ነበረው ሆነ። ጠሩኝ።

«እመቤት፣ ቤትሽን ስትጠርጊ አቧራው በየት እንደሚገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በመስኮት ነዋ ጋሼ።»

«ታዲያ መስኮቱን ሳትዘጊ እስከ መቼ ትጠርጊያለሽ?»

ስካነራችን የነካውን ሁሉ በቁጥር ሰይሞ ዴስክቶፔ ላይ ይጥል ኖሯል። እሳቸው ዴስክቶፑን አልነኩትም። ስካነሩ የሚጥልበትን ቦታ ቀየሩና ሄዱ። «ፋይል ሰነፍ ነው፤ የጣልሽው ቦታ ይተኛል» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ፋይል ያስተማሩን ሁሉ የዚሁ ዘመድ ነው፦ የተዝረከረከውን ከማንሣት በፊት ምን እንደሚያዝረከርከው ማየት።

ቀስ በቀስ «የጀሶ ክፍል»፣ «የጫማ ክፍል»፣ «የእመቤት» የሚባሉትን ፎልደሮች ሁሉ አፈረሱ። በምትካቸው ልጁ የሚሄድበትን መንገድ አስቀመጡ። «የመጡ»፣ «ጀሶ ላይ ያሉ»፣ «ጫማ ላይ ያሉ»፣ «የጨረሱ»። ልጁ አንድ ፎልደር አለው፤ ፎቶው፣ ጀሶው፣ ጫማው፣ የቤተሰቡ ስልክ እዚያው ነው። እግሩ በተቃና ቁጥር ፎልደሩ ወደ ፊት ይሻገራል። አምስተኛው «የጎደሉ» ነው። በቀጠሮው ቀን ያልመጣ ልጅ በማግሥቱ ጠዋት እዚያ ይገባል። የገባውም እስኪደወልለት፣ እስኪፈለግ ድረስ አይወጣም። የሁላችንም ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው፤ አልፈልግም ብትልም ያፈጥጥብሃል። ኢንተርኔት ለወራት በጠፋብን ጊዜ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ፋይላቸው «ክላውድ» የሚሉት ሰማይ ላይ ቀርቶ ሲቸገሩ፣ እኛ ጓዳ ባለች በባትሪ በምትሠራ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም እያገኘን ሠራን። እሷንም ያስቀመጡ እሳቸው ናቸው።

ሁሉ ነገር ያማረላቸው ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ግትር ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። አንድ ሰሞን «ቴሌግራም ላይ ፋይል አላይም» ብለው አገዱን። ገጠር ያሉ ቤተሰቦች ግን የልጁን እግር አንሥተው መላክ የሚችሉት በዘመድ ቴሌግራም ነው። ፎቶ መምጣቱ ቀጥ አለ። ሲስተር ሙሉ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዳ «ጋሼ፣ ሰው የሚመጣበትን መንገድ ዘግተው ማን ጎደለ ይላሉ?» አለቻቸው። በማግሥቱ ሁላችን ባለንበት «ተሳስቻለሁ፤ ሲስተር ናት ትክክል» ብለው እገዳውን አነሡ። በሕይወቴ አለቃ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ማን ጎደለ?» የሚሏት ነገር የጠዋት ሰላምታቸው ሆና ነበር። ከደህና አደራችሁ በፊት እሷን ነው የሚሉ። ከየት እንዳመጧት ስጠይቃቸው ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ዘጌ በኩል ከሐይቁ ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ቄስ ነበሩ።

«ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይገባም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንዳንዶቹ ከማዶ በታንኳ ነው የሚመጡ። አባቴ በሩ ላይ ይቆሙና ማን መጣ አይሉም፤ ማን ጎደለ ነው የሚሉ። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ዳር ይልካሉ። ታንኳ ተገልብጦ እንደሆን በምን ይታወቃል? መጽሐፉ በቦታው ነው፣ ጽናጽሉ በቦታው ነው፣ ከበሮው በቦታው ነው። አባቴ ዕቃ ሲቆጥሩ አይቼ አላውቅም። እኔ ፔዳ ገብቼ ስንት ዓመት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው፤ በእንግሊዝኛ» ብለው ሣቁ። ሲሥቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ።

የሕፃኑ የማርልኝ ነገር የመጣው «የጎደሉ» ገና በተከፈተ ሰሞን ነው። ፎልደሩ በአንድ ጊዜ ጢም ብሎ ሞላ። ሲስተር ሙሉ ስክሪኑን እያየች አለቀሰች፤ ስታስር የኖረችው እግር ሁሉ የት እንደ ገባ ያን ቀን ነው ያየችው። ጋሽ ይበልጣል «አልቅሺ፤ ከዚያ እንደውላለን» አሏት።

ከተደወለላቸው መካከል ከእንፍራንዝ አካባቢ የመጡ ሦስት ልጆች ነበሩ። ማርልኝ ደሴ፣ ጌትነት ደሴ፣ ኃይለ ሚካኤል አየነው። ሦስቱም አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው የቀሩ ናቸው። አንዱ ቁጥር አይሠራም። አንዱ የአንድ ሹፌር ነው፤ «ተሳፋሪ ነው የተዋሰኝ» አለ። ሦስተኛውን ያነሣው ባለ ሱቅ ነው።

«ኃይለ ሚካኤል የሚባል ልጅ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የማን ልጅ?»

«አያቱ የሺ የሚባሉ።»

«እ! ማርልኝን ነዋ! እማማ የሺ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠሩት። አባቱ ደግሞ ጌትነት ይለዋል። እናቱ ናት ማርልኝ ያለችው፤ እሷ ታማ ጎንደር ተኝታለች።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር። ጋሽ ይበልጣል ከወንበራቸው ተነሡ። እናት ስታመጣው እናት ባወጣችው ስም፣ አባት ሲያመጣው አባት ባወጣው ስም፣ አያት ስታመጣው በክርስትና ስሙና በወንድ አያቱ ስም እየተመዘገበ አንዱ ልጅ ሦስት ሆኗል። የእኛን አገር ሰው ስሙን ስትጠይቀው እኔ የምጠራው ብሎ ነው የሚነግርህ፤ አልዋሸም።

«ሦስቱን ወደ አንድ አምጫቸው፤ በቀን አስቀድሚያቸው» አሉኝ። አመጣኋቸው። ለየብቻ ሲታዩ ገና ጀምረው የተዉ ሦስት ልጆች ነበሩ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መጨረሻው ላይ አባቱ አምጥቶት ጀሶ ታስሮለታል። ከዚያ የፈታለት የለም።

ሲስተር ሙሉ ከኋላዬ ሆና «ወይኔ፣ ጀሶው እግሩ ላይ ነው እኮ ያለው!» ብላ ጮኸች። ጀሶ ሲቆይ ቆዳ ይልጣል፣ ያቆስላል፤ ሕፃን ያድጋል፣ ጀሶ አያድግም። እግር ሊያቃና የታሰረው ራሱ እግር ሊያሳጣ ነው።

መንገድ በየጊዜው የሚዘጋበት ወቅት ነበር። ጋሽ ይበልጣል ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ። ባለ ሱቁን እየለመኑ ሳይሆን እያዘዙ አነጋገሩት፤ ያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስማ ልጄ፤ ዛሬ ሄደህ ልጁን በዓይንህ አይተህ ደውልልኝ። ሰው ልከህ አይደለም፤ በዓይንህ።» ሄደ። ደወለ። ጣቶቹ አብጠዋል አለ። ሲስተር ሙሉ ጀሶውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው እንዴት እየላጡ እንደሚያነሡ በስልክ አንድ በአንድ ነገረችው። መንገዱ እስኪከፈት ጋሽ ይበልጣል ጠዋትና ማታ ይደውሉ ነበር። «የጎደሉ» ውስጥ ያ ልጅ እያለ ምሳ ሲበሉ አላየኋቸውም።

እማማ የሺ ልጁን አዝለው በራችን ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይበልጣል እዚያው ከጥበቃው ጎን ቆመው ነበር። ሴትዮዋ ቁጣ የጠበቁ ይመስላሉ፤ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«የኔ ጌታ፣ እናቱ ታማብኝ፣ መንገዱ ተዘግቶብኝ እኮ ነው። ጥየው አልቀረሁም።»

«ያጠፋነው እኛ ነን እማማ፤ አንዱን ልጅ ሦስት አድርገን አጣነው። አሁን ስሙን ሁሉ ንገሩኝ። ስንት ነው የሚጠራበት?»

«ለመቁጠር ነው?» አሉ እማማ የሺ ግራ ገብቷቸው። «ጎረቤት ደግሞ አቡሽ ይለዋል።»

«አቡሽም ይጻፍ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ፎልደር ከላይ የእናቱን ስም ይይዛል፤ ልጁ የሚጠራበት ስም ሁሉ ከሥር ይከተላል። ቁስሉ ጠባሳ ትቶ ዳነ። ሕክምናው ከመጀመሪያው ተጀመረ። እናቱም ድና መጣች፤ አይታው ስታለቅስ ጋሽ ይበልጣል ወደ ሐይቁ ዞረው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እያንዳንዳችን በተራ አንድ ቀን ሆን ብለን እንድንቀር ያደርጉናል፤ ስልክም አናነሣም። በእኛ መቅረት ምን እንደሚቆም ያያሉ። የቆመው ነገር እኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነው ማለት ነውና በማግሥቱ ወጥቶ ሁሉ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ጫማ ሠሪው የቀረ ቀን የቆዳ መደርደሪያው ቁልፍ ጠፍቶ ሥራ ፈታን። እኔ የቀረሁ ቀን ምንም አልቆመም፤ ቅር ብሎኝ ነገርኳቸው። «ይኸ እኮ ምስጋና ነው፤ ምን አስኮረፈሽ?» አሉኝ።

ተራው ሳይደርስ፣ ሳይናገር የቀረ ሠራተኛም «የጎደሉ» ውስጥ ይገባል። ነገሩን ያመጣችው ሲስተር ሙሉ ናት፤ ለቀልድ «እኛስ ብንጎድል ማን ይፈልገናል?» አለች። ጋሽ ይበልጣል አልሣቁም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰባታሚት ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። «ደንብ ይሁን» አሉ። «ይደወላል፤ ካልተነሣ ለጎረቤት ይደወላል። ድምፁ ካልተሰማ ወይ በዓይን ካልታየ ከዚያ አይወጣም።»

እሳቸው ያን ሰኞ ጠዋት አልመጡም። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። «ማን ጎደለ?» የሚል አልነበረምና ሁላችንም ተያየን። መጀመሪያ ሣቅን፤ «ዛሬ ያዝናቸው» አለች ሲስተር ሙሉ። ስማቸውን «የጎደሉ» ውስጥ እያሾፍኩ ነው የጻፍኩት። ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። በደንቡ ለጎረቤታቸው ደወልኩ። ከዚያ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ሐኪሙ ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋቱን ነው ያረፉት አለ፤ ሰውነታቸው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው የተደረሰባቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው ቀናት ተቆጥረው የሚገኝበት ጊዜ ላይ ነን። እሳቸውን ግን ፈለግናቸው። ይህ ያጽናናኛል፣ መልሶም ያስለቅሰኛል።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተራቸውን የከፈትኩት ብዙ ነገር እናጣለን ብዬ ፈርቼ ነበር። ባዶ ነበር። የእሳቸው ብቻ የሆነ አንድም ፋይል አላገኘሁም። ሥራው አንድ ቀን አልቆመም። ሁሉ ነገር ቦታው ላይ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። «የጎደሉ» ውስጥ ስማቸው ተቀምጦ ቀረ። ማንሣት የኔ ሥራ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ባነሣው የት አደርገዋለሁ? ልሰርዘው? ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ስናበራ ሁላችንም እናየዋለን። ሰባቱ አልፎ፣ አርባው ወጥቶ እንኳ እዚያው ነበር።

ባለፈው ሳምንት እማማ የሺ ማርልኝን ይዘው መጡ። አሁን እሳቸው አላዘሉትም፤ ቀድሟቸው እየሮጠ ነው የገባው። ሲስተር ሙሉ አስሮጠችው፣ በጣቱ አስቆመችው፣ በተረከዙ አስቆመችው። ከዚያ ጫማውን በብረቱ አንሥታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና «ጨርሷል እማማ። ከእንግዲህ አትመጡም» አለቻቸው። እማማ የሺ እልል አላሉም። በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ያያሉ።

«ሽማግሌውሳ? ጎድለዋል እኮ» አሉ።

ነገርኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ። ልጁ ሩጫውን ትቶ አጠገባቸው ቆመ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ጠየቁኝ።

«ብቻቸውን ነበሩ?»

«ብቻቸውን። ግን ወዲያው ደወልን፤ ጎረቤት ደረሰላቸው።»

«በዓይን ታይተዋል?»

«ታይተዋል እማማ። ቀብረናቸዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ አልጎደሉማ። እንደዚህ ልጅ ጨርሰው ነው የሄዱ» አሉ፤ የማርልኝን ራስ እየዳሰሱ።

ሸኝቻቸው ገባሁ። የማርልኝን ፎልደር ከነስሙ ሁሉ «የጨረሱ» ውስጥ አስገባሁ። ቀጥዬ «የጎደሉ»ን ከፈትኩ። ከዚያ ስም ሲነሣ በደንቡ ምክንያቱ ይጻፋልና «በዓይን ታይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጋሽ ይበልጣልን ከልጁ ቀጥሎ አስቀመጥኳቸው።